የመዝገቡ ሬሳ

እማዋይሽ ቂም መያዝ ታውቅበታለች። እናቷ እንኳ በሕይወት ሳሉ «ይቺ ልጅ የግመል ቂም ነው ያላት» ይሉ ነበር።

አሜሪካ ውስጥ፣ ከሆስፒታል ጽዳት ሥራዋ ስትወጣ ኮሌጅ ትማራለች። በክላስ የያዙት የጥንት ግሪኮች የጦርነት ግጥም ነው። አንዱ ጀግና፣ ጓደኛውን የገደለበትን ሰው ገድሎ ሬሳውን በሠረገላ አስሮ አፈር ለአፈር ይጎትተዋል። ፈረንጆቹ ተማሪዎች ፊታቸውን አጨማደዱ። እማዋይሽ ግን «እሰይ! የታባቱ!» አለች በአማርኛ። አስተማሪዋ ምን እንዳለች ብትጠይቃት፣ «ደግ አደረገ ነው ያልኩት» አለቻት።

እንዴት አትል! ታናሽ ወንድሟን ክፍሉን፣ መዝገቡ የሚባል የአገሯ ልጅ በእርሻ ድንበር ጠብ በጥይት ገድሎባታል። ሽማግሌ ሳይገባ፣ ደም ሳይታረቅ፣ ሹልክ ብሎ እሱም አሜሪካ ገባ። ይባስ ብሎ እሷ ካለችበት ብዙም ሳይርቅ፣ ሮውሌት በሚባል ከተማ ሐይቅ ዳር ቤት ገዝቶ ይኖራል። ቤተ ክርስቲያን ሲያገኛት ደግሞ ምንም እንዳልሆነ ሰው እጁን ይዘረጋላታል! የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። ጀርባዋን ሰጥታው ትሄዳለች።

ከዚያ መዝገቡ በመኪና አደጋ ሞተ። እማዋይሽ እልል አለች፤ እግዜር ይቅር ይበላት፣ እልል አለች። ወዲያው ግን ቆጫት፤ የእሷ እጅ የለበትማ።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ ከአገር ቤት ስልክ ተደወለላት። የመዝገቡ አባት፣ ሽማግሌው አያ ወልዴ ናቸው። በመንደራቸው ወግ ደም ሳይታረቅ የሞተ ገዳይ፣ የተገደለው ሰው ወገን ካልፈቀደ፣ ተገዳዩ ባረፈበት ደብር አይቀበርም። ከክፍሉ ወገን የቀረችው ደግሞ እሷ ብቻ ናት።

«ልጄ እማዋይሽ፣ ድንጋይ ተሸክሜ ደጅሽ እንዳልወድቅ ባሕሩ ከለከለኝ። ልጄን አገሩ ላይ ልቅበረው፣ ፍቀጂልኝ።»

ሠረገላው እጇ ገባ! «አይቀበርም፣ እዚሁ የሰው አገር አፈር ይብላው» ልትል አፏን ከፈተች። ሽማግሌው ድምፅ አውጥተው አለቀሱ። አስተማሪዋ ረቡዕ ዕለት ያነበበችው ትዝ አላት፤ በሠረገላ የተጎተተው ሰው አባት፣ ሽማግሌው ንጉሥ፣ ልጁን የገደለበትን ጀግና እጅ ስሞ ሬሳውን ሲለምን። ያን ዕለት ተናዳ ከክላስ ወጥታ ነበር።

«አያ ወልዴ» አለች ጥርሷን ነክሳ፣ «ይቅበሩት። ግን ከክፍሉ እግር ስር ይሁን። በቁሙ ያልወደቀበት እግር ላይ፣ ሞቶ ይውደቅ።»

«እሺ ልጄ» አሉ ሽማግሌው። «እኔንም ስሞት እዚያው ከጎኑ ያድርጉኝ። ያሳደግሁት እኔ ነኝ።»