ጨው ያነሰው ሾርባ

ዛሬ በኦክላንድ በሥራ ላይ የተገደለ ፖሊስ አስከሬን በሞተር ብስክሌቶች ታጅቦ ሲያልፍ፣ የሞተሮቹ ጉርምርምታ ወደ ሳን ሆዜ፣ ወደ ልጅነቴ መለሰኝ።

የጎረቤታችን የእትዬ አልማዝ ልጅም ፖሊስ ነበር። መገደሉን አባቴ ቀድሞ ሰማ፤ መርዶ የሚነገረው ሲነጋ ነው በሚል ግን «ትንሽ ቆስሏል» አላቸው። ሆስፒታል የሚወስዱለትን ሾርባ ሲሠሩ፣ እውነቱን የምናውቀው ሁሉ ከበን አየናቸው።

«ጨው ይቀንሱ፤ ሐኪሞቹ ከልክለዋል» አላቸው አባቴ።

«አልጫ ካበላሁትማ በካቴና ነው የሚያስረኝ» ብለው ሳቁ። እኛም አብረን ሳቅን።

አመሻሽ ላይ ነጭ ጓንት ያጠለቁ ሁለት ፖሊሶች መጡ። አንደኛው ቆቡን አውልቆ በእንግሊዝኛ ቀስ ብሎ መርዶውን ተናገረ። እትዬ አልማዝ ቋንቋውን አያውቁም።

«ምን ይላል?» ሲሉ አባቴን ጠየቁት።

«ያው ስለ ጨው ነው» አላቸው።

«ቀንሻለሁ በለው» አሉና ቴርሞሱን ለፖሊሱ አስታቀፉት። «ትኩስ ነው ልጄ፤ ሳይቀዘቅዝ አድርስልኝ።»

የዛሬው አጀብ አልፎ መንገዱ ጸጥ ሲል፣ አባቴ በእርግጥ እንዲያ ማለቱን ተጠራጠርኩ። ፖሊሱ ግን ቴርሞሱን በሁለት እጁ እንደያዘ፣ እንድተረጉምለት ወደ እኔ ማየቱን አልጠራጠርም።