ባሎቴ ያወጣችው ውሃ

ባለፈው ሳምንት ሶዶ ገበያ ውስጥ ድንገት ዝናብ ጣለ። ሸክላ ሻጮቹ እንስራዎቻቸውን ሳይሸፍኑ ደረሰባቸውና የራሰ ሸክላ ሽታ ገበያውን ሞላው። እኔ አንድ ሱቅ በረንዳ ላይ ተጠልዬ ነበር። ባሎቴ ትዝ አለችኝ።

ባሎቴ ከበዴሳ ወዲያ፣ ከመንደራችን በታች ብቻዋን የምትኖር ሸክላ ሠሪ ነበረች። ጣቶቿ እስከ ጥፍሮቿ ሥር በጭቃ የቀሉ፣ ንግግሯ ዝግ ያለ ሴት። በሠራችው ማሰሮ ሁላችንም እናበስላለን፤ ከእሷ ጋር በአንድ ቅል የሚጠጣ ግን አልነበረም። ቤታችን ስትመጣ ደጅ ትቆማለች እንጂ አትገባም። ለምን ብለን ጠይቀን አናውቅም።

ዘጠኝ ዓመት ገደማ ሲሆነኝ በልጉ ቀረ። ክረምቱም ለስሙ ያህል አካፍቶ አለፈ። የእንሰቱ ቅጠል ጓሮ ውስጥ ተሰነጣጠቀ። ምንጫችን መጀመሪያ ቀጠነ፣ ከዚያ መንጠባጠብ ጀመረ፣ በመጨረሻ ድንጋዩ ደረቀ። ከእናቴ ጋር ጎህ ሲቀድ ወንዝ እየወረድን ከብት ያደፈረሰውን ውሃ እንቀዳ ነበር። ታናሽ ወንድሜ ዳና ያንን ጠጥቶ ተቅማጥ ያዘው። በሳምንቱ ዓይኖቹ ጎደጎዱ፤ ማልቀስ እንኳ አቃተው።

ወንዶቹ የደረቀውን ምንጭ ሲቆፍሩ ሰነበቱ። ያገኙት ዐለት ብቻ ነበር። አንድ ጠዋት ባሎቴ ራቅ ብላ ስታያቸው ቆየችና፣

«እዚህ የለም» አለች። «ጋራው ላይ የነበረውን ዛፍ ቆርጣችሁ ጨረሳችሁ፤ መሬቱን ከብት ጠቀጠቀው። አሁን ዝናብ ቢመጣም መስረጊያ አጥቶ በላይ በላዩ ይወርዳል። የዱሮው ዝናብ ግን ገብቷል። አሸዋው ያሳልፈዋል፤ ከሥሩ ያለው የእኔ ሸክላ አፈር ግን አያሳልፈውም። እላዩ ላይ ተኝቷል። ጭቃ የማወጣበት ጉድጓድ ግድግዳ ዛሬም ያልበዋል።»

«ደግሞ ከአንቺ ጉድጓድ ጠጡ ልትይን ነው?» አላት አንዱ ሽማግሌ። ሌሎቹ ሳቁ።

እናቴ አልሳቀችም። ዶማ ይዛ ተከተለቻት። ሁለቱ ሴቶች የሸክላ ጉድጓዱን በጋራው በኩል ይቆፍራሉ፤ እኔ አፈሩን በቅርጫት አወጣለሁ። በሁለተኛው ቀን ከላይ ጩኸት ተሰማ። ዳና ሞቶ ነበር። የዚያኑ ዕለት ቀበርነው።

በማግስቱ እናቴ ዶማዋን ስታነሣ አባቴ፣ «አሁንስ ለማን ብለሽ?» አላት።

«የጎረቤት ልጆችም ታመው ተኝተዋል» ብላው ወጣች።

ከሰዓት በኋላ አሸዋው ጠቆረ፤ እጄን ስሰድበት ቀዘቀዘኝ። ውሃው ቀስ እያለ ይጠራቀም ጀመር። ሲጠራ ባሎቴ በቅሏ ለእናቴ ቀዳችና እንደ ልማዷ መሬት ላይ አስቀምጣ ፈቀቅ አለች። እናቴ ቅሉን አንሥታ መልሳ ሰጠቻት።

«አዬ፣ መጀመሪያ አንቺ ቅመሺ» አለቻት። አዬ በእኛ ቋንቋ እናት ማለት ነው። ባሎቴን እንዲህ ብሎ የጠራት ሰው ከዚያ በፊት ሰምቼ አላውቅም ነበር። ባሎቴ ቅሉን በሁለት እጇ ይዛ ተጎነጨች። የቀረውን እናቴ በዚያው ቅል ጠጣችና ከዳና ሞት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፅ አውጥታ አለቀሰች። ወሬውን ሰምቶ የመጣው ሰው ጉድጓዱ አፍ ላይ ተሰብስቦ ነበር። ከዚያ አንድ በአንድ እንስራውን ይዞ ወረደ።

ውሃው ሞልቶ የሸክላ አፈሩን ዋጠው። ባሎቴ ሌላ ጭቃ የምታወጣበት ቦታ አልነበራትም። ይባስ ብሎ የአካባቢያችን ባላባት ጉድጓዱን በአጥር አስከበበና እሷ ሰው ሁሉ ከቀዳ በኋላ እንድትቀዳ ታዘዘ። እናቴ ብቻዋን ተከራከረች፤ የሰማት የለም። ጥቂት ወራት እንደቆየች ባሎቴ ዕቃዋን ተሸክማ ወደ ቤሌ፣ ወደ ዘመዶቿ ሄደች። እስከ መንገዱ ሸኘኋት። «ጭቃ የሌለበት አገር የለም» አለችኝ፤ ፊቷ ግን እንዲያ አይልም ነበር። ከዚያ በኋላ አላየኋትም።

ዓምና ወደ መንደሩ ብቅ ብዬ ነበር። አንዲት ልጅ ከጉድጓዱ በጀሪካን ትቀዳለች። ይህን ውሃ ማን እንዳወጣው ታውቅ እንደሆነ ጠየቅኳት።

«ባላባቱ ነው ይላሉ» አለችኝ።

አጠገቧ ተቀመጥኩና ጀሪካኑ እስኪሞላ ነገርኳት።