ጣሪያ ላይ የከረሙት አምስት ድንጋዮች

ከሲታ ስለሆነና ሥራ ላይ ሚስማር ከከንፈሩ ስለማይጠፋ የሰፈሩ ሰው «ሚስማር» ይለዋል። ሃያ ዓመት የሰው ቤት ጣሪያ ሲመታ ኖሯል፤ እሱ የመታው ቆርቆሮ ተነቀለ ሲባል የሰማ የለም። ሸክላ ሠሪ በገል ትበላለች እንዲሉ፣ የራሱን ቤት ግን የከደነው በአሮጌ ቆርቆሮና ከፈረሰ ቤት ነቅሎ ባቃናው ሚስማር ነው። «ለጊዜው ነው» ብሎም አምስት ድንጋይ ጫነበት። ያ ጊዜ ስድስት ዓመት ሆነ። ድንጋዮቹ ያሉት ደግሞ እግሯ ከከዳት ወዲህ ከመስኮቱ ሥር የማትነሣው እናቱ ከምትተኛበት አልጋ በላይ ነው።

ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ሰማዩ አመድ ሲመስል ከደንበኛው ጣሪያ ወርዶ ወደ ቤቱ ሮጠ። ሬዲዮው ከጠዋት ጀምሮ «ኃይለኛ ነፋስ ይመጣል፤ ከመስኮት ራቁ፤ መስኮት የሌለው ክፍል ግቡ» ሲል ውሏል። እሱ የሚያስበው ግን ድንጋዮቹን ብቻ ነበር።

ሲደርስ ጣሪያው ብርድ እንደያዘው ሰው ጥርስ ይንቀጫቀጫል። መሰላሉን አስደገፈ።

«ወዴት ነው?» አለች እናቱ በመስኮቱ።

«ሁለት ሦስት ሚስማር ብቻ ልምታ፣ እማ።»

«ስድስት ዓመት ያልመታኸውን ዛሬ ነፋሱን እያየህ?»

ሚስማሮቹን ነክሶ ወጣ። አራተኛው እርከን ላይ ሲደርስ መሰላሉ ከግድግዳው ተላቅቆ፣ አየር ላይ ቆይቶ፣ ተመልሶ ተላተመ። ወዲያው ከማዶ የተነቀለ ቆርቆሮ በራሱ ላይ አልፎ የመብራቱን ሽቦ እንደ ክር በጠሰው። ጣቶቹ መሰላሉን አልለቅ አሉት።

«ልጄ» አለች፤ ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። «ሚስማሩ እኔን አይሸከምም። አንተ ነህ የምትሸከመኝ።»

ወረደ። ገብቶ ከአልጋው ሲያነሣት መስታወቱ ፈነዳ፤ ጀርባውን ሰጥቶ ስብርባሪውን ተቀበለላት። እየተንገዳገደ ወደ ጓዳዋ አስገባት። የደንበኞቹን ሲሚንቶ የሚያኖርባት፣ መስኮት የሌላት ጠባብ ክፍል ናት፤ ዝናብ እንዳይነካበት ብሎ ከቤቱ ሁሉ አጥብቆ የመታት እሷን ብቻ ነበር። እናቱን ከከረጢቶቹ መሃል አስቀምጦ፣ ከላይዋ ጎንበስ ብሎ በክንዱ ራሷን ሸፈነላት።

ከዚያ የፊተኛው ክፍል ጣሪያ እንደ ጨርቅ ተተረተረ። አንድ ከባድ ነገር አልጋው ላይ ወደቀ። ደግሞ ሌላ። ሦስት። አራት።

ነፋሱ ድንገት ጸጥ አለ። ሚስማር ተነሥቶ በሩን ሊገፋ ሲል እናቱ ሸሚዙን ጨመደደችው።

«አምስተኛውስ?»

ዘወር ብሎ አያት።

«ስድስት ዓመት ሙሉ ከሥራቸው የተኛሁት እኔ ነኝ። ነፋስ በመጣ ቁጥር እያንዳንዳቸው ሲንቀሳቀሱ እሰማለሁ። አምስተኛው ገና አልወረደም። ተቀመጥ።»

ተቀመጠ። ነፋሱ በሌላ በኩል ዞሮ መጣና ቤቱን ከመሠረቱ አነቃነቀው፤ ከጓዳዋ በር ወዲያ፣ ሊወጣበት በነበረው ቦታ፣ ወለሉ ድም አለ።

ነፋሱ እየራቀ፣ እየራቀ ሲሄድ እናቱ መዳፏን ዘረጋች።

«ትፋው እንግዲህ። ሰው ሚስማር ነክሶ እስከ መቼ ይኖራል።»

መንከሱን ረስቶት ነበር። ሦስቱን ሚስማሮች መዳፏ ላይ ተፋቸው፤ አዲሶች፣ ባለ ጎማ፣ ዝገት ያልነካቸው።

«የማን ናቸው?»

«የደንበኛ።»

«ይህቺንስ ጓዳ እንዲህ አጥብቀህ የመታሃት ለማን ነው?»

አቀረቀረ። ከንፈሩ ላይ የዝምታው ሰበብ የነበሩት ሚስማሮች የሉም።

«ለደንበኛ» አለ በመጨረሻ።

እናቱ ሚስማሮቹን ጨብጣ እጇን ወደ ደረቷ ሰበሰበች።

«እንግዲያው ከዛሬ ጀምሮ እኔም ደንበኛህ ነኝ። ለጊዜው የሚባል ሥራ አልረከብም።»