የኢክራም ክዳኖች

ባለፈው ሳምንት ወንድሜ ደውሎ የመስኖ ፓምፑ እንደተበላሸና ክዳን ገዝቼ እንድልክለት ነገረኝ። ቀፊራ ገበያ ወርጄ ከቅመም ተራው ጀርባ ካሉት የብረታ ብረት ሱቆች አንዱ ገባሁ። ባለሱቁ ከካርቶን ውስጥ አዲስ ክዳን አውጥቶ ሲያቀብለኝ፣ ሳላስበው አውራ ጣቴን በቀዳዳዎቹ ጠርዝ ላይ አዞርኩ።

«እናቴ፣ አዲስ ነው። ወላሂ ምንም የለበትም» አለኝ።

እንደሌለበት አውቅ ነበር፤ ጣቴ ግን የድሮ ሥራውን ልማድ አልተወም። ከፍዬ ወጣሁና በባጃጅ ሳቢያን ወዳለው ቤቴ ስመለስ መንገዱን ሙሉ የማስበው ኢክራምን ሆነ።

ያኔ ገና የሃያዎቹ አጋማሽ ላይ ነበርኩ። የምሠራው ከከተማው ወጣ ብሎ ባለ፣ የፓምፕ ክፍሎች በሚያመርት ፋብሪካ የመለኪያ ክፍል ውስጥ ነው። ብረት ሲሞቅ ስለሚለጠጥ ክፍሏ ሁልጊዜ ቀዝቃዛ መሆን ነበረባት። የድሬዳዋን ግንቦት ለሚያውቅ ሰው ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ውጭ አስፋልቱ ለስልሶ ጫማ ሲይዝ እኔ ሹራብ ደርቤ እቀመጣለሁ። ስለዚህ ሰው ሁሉ ሰበብ እየፈለገ ይመጣ ነበር፤ አንዱ መቀስ ሊዋስ፣ ሌላው ሰዓት ሊጠይቅ።

ኢክራም ግን ሰበብ አያስፈልጋትም ነበር። ጓደኛዬ ናት። መጋላ ሰፈር ተወልዳ ያደገች፣ ከእናቷ ጋር ሶማልኛ፣ ከጎረቤት ጋር ኦሮምኛ፣ ከእኛ ጋር አማርኛ የምትናገር፣ ስትናደድ ደግሞ ሦስቱንም አደባልቃ የምታወርድ ልጅ። ማሸጊያ ክፍል ትሠራ ነበር። ብረት የሚበሳውን ማሽን ካላስተማራችሁኝ ብላ ወራት ሙሉ ስትጨቀጭቅ ቆይታ በመጨረሻ ለሙከራ ተፈቀደላት። በዚያ ማሽን ላይ የቆመች የመጀመሪያዋ ሴት እሷ ነበረች። ጠዋት ጠዋት በሰርቪስ አውቶቡሱ ጎን ለጎን ተቀምጠን እናቷ የምትጠብሰውን የምስር ሳምቡሳ እንካፈላለን። ቃሪያው ስለሚበዛበት ፋብሪካው በር ስንደርስ ሁለታችንም ዓይናችን እንባ ያቀራል።

የእኔ የመለኪያ ማሽን ጫፏ ላይ ቀይ እንክብል ያላት ቀጭን መርፌ አለው። መርፌዋ ብረቱን እዚህም እዚያም እየነካች ቀዳዳዎቹ በቦታቸው መሆናቸውን ትናገራለች። ከዚያ በፊት ግን ዕቃው የት እንደተቀመጠና ወዴት እንደዞረ ነክታ ማወቅ አለባት። ይህን እኛ አላይመንት እንለዋለን። ስምንት ክዳን በአንድ ሳህን ላይ ደርድሬ ቁልፉን እጫናለሁ፤ ማሽኑ ያንኑ ሥራ ከአንዱ ወደ ሌላው እየዞረ ይደግመዋል። ፕሮግራሙን የሠራው ማሽኑን የተከለው የውጭ አገር ቴክኒሽያን ሲሆን፣ ሥራውን ጨርሶ ወደ አገሩ ከሄደ ቆይቷል።

ችግሩ የመጣው ከአዲስ የጥሬ ብረት ጭነት ጋር ነው። ጭነቱ በሙሉ ለኢክራም ማሽን ተሰጠ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የእሷ ክዳኖች ይወድቁ ጀመር። ቀይ ምልክት የተደረገባቸው ክዳኖች ግድግዳው ሥር እየተከመሩ ሄዱ።

የጥራት ኃላፊያችን አቶ ተሾመ ዕድሜያቸውን በባቡር ወርክሾፕ ያሳለፉ፣ ድምፃቸውን ከፍ የማያደርጉ ሰው ነበሩ። ውጤቱን አዩና መነጽራቸውን አወለቁ።

«እኔ በሰው አልፈርድም ልጄ። ማሽኑ ያለውን ነው የማነበው። እስከ ሳምንቱ መጨረሻ ካልተስተካከለች ክምሩ ወደ ማቅለጫ፣ እሷም ወደ ማሸጊያዋ ትመለሳለች።»

ኢክራም ወሬውን ከእሳቸው ቀድማ ሰምታ ነበር። ክዳን በእጇ ይዛ ገባች።

«በራሴ እጅ ለካሁት። ከቀዳዳ እስከ ቀዳዳ ደህና ነው፤ ወላሂ ደህና ነው።»

«ማሽኑ ግን አይደለም ይላል።»

«አቦ፣ ታዲያ ውሸታሙ ማነው? እኔ ነኝ ወይስ እሱ?»

በማግስቱ ጠዋት ሰርቪስ ውስጥ አጠገቤ ሳትቀመጥ አልፋ ኋላ ሄደች። ተነስቼ ስከተላት በእጇ መለሰችኝ።

«ከእኔ ጋር አትቀመጪ። ነገ ዕቃዋ ደህና ነው ብትይ ለጓደኛዋ ስትል ነው ይሉሻል። አብሽሪ፣ አልተቀየምኩሽም።»

ሳምቡሳውን ግን በሰው አሳልፋ ላከችልኝ። ብቻዬን በላሁት።

ከቀትር በኋላ ሥራ መሃል መብራት ጠፋ። እስኪመጣ ድረስ ሥራ ላለመፍታት ክዳኖቹን አንስቼ ሳህኑን ወለወልኩና መልሼ ደረደርኳቸው። ቅደም ተከተላቸውን ልብ አላልኩም፤ ቁጥራቸው ግን በላያቸው ተጽፎ ነበር። መብራት መጥቶ ማሽኑ እንደገና ሲለካ ውጤቱን ሁለት ጊዜ አነበብኩ። ቅድም የወደቀው፣ ቀይ ምልክት ያለበት ክዳን አሁን የመጀመሪያው መቀመጫ ላይ ነበር፤ አለፈ። ቅድም እዚያ መቀመጫ ላይ ሆኖ ያለፈው ደግሞ ወደ መሃል ተዛውሮ ወደቀ። ብረት መብራት ስለጠፋ አይድንም፤ አይታመምም።

ፕሮግራሙን ከፍቼ መስመር በመስመር አነበብኩ። አላይመንት የሚደረገው ለመጀመሪያው ክዳን ብቻ ነበር። ለቀሩት ማሽኑ እኩል እኩል እየተራመደ ይሄዳል እንጂ እንዴት እንደተቀመጡ አይጠይቅም። የድሮው ጥሬ ብረት ውጭው ለስላሳ ስለነበር ሁሉም አንድ ዓይነት ይቀመጡ ነበር። አዲሱ ሻካራ ነው፤ እያንዳንዱ ክዳን መቀመጫው ላይ በመጠኑ ይዞራል። ቀዳዳዎቹ ትክክል ሆነው ሳለ መርፌዋ የምትፈልጋቸው የሌሉበት ቦታ ነበር።

ለእያንዳንዱ ክዳን እንዲደገም አላይመንቱን ዙሩ ውስጥ አስገባሁና ቁልፉን ተጫንኩ። የመጀመሪያው አለፈ፣ ሁለተኛውም አለፈ። ቀጥሎ ግን መርፌዋ አቅጣጫዋን እየሳተች ሄዳ ክዳኑን በጎኑ ገጨችው። ቀጭን ነገር ሲሰበር የሚያሰማው ድምፅ እስከ ኮሪደሩ ተሰማ። የቀረችን መለዋወጫ መርፌ አንዲት ብቻ ነበረች።

አቶ ተሾመ በሩ ላይ ቆመው ነበር። የሆነውን ሁሉ ነገርኳቸው። 

«ልጅቷ ጓደኛሽ ናት አይደል?» አሉ።

«ናት።»

«እንግዲያው ለእኔ ብቻ ብታሳዪኝ አይበቃም። የፈረቃ ኃላፊዎቹ ባሉበት አሳዪ። ለምን እንደተሰበረችም አስቀድመሽ እወቂ። ከቀረችው ሌላ መርፌ የለንም።»

በማግስቱ እስከ ምሳ ሰዓት አሰብኩበት። ሁለተኛው ዙር የሚነሳው ከሳህኑ መነሻ ሳይሆን ከመጀመሪያው ክዳን መዞር ላይ፣ ሦስተኛው ደግሞ ከሁለተኛው ነበር። እያንዳንዱ የፊተኛውን መዛባት ወርሶ የራሱን ይጨምርበታል። ስለዚህ ማሽኑ በየዙሩ መጀመሪያ ወደ ሳህኑ መነሻ እንዲመለስ፣ ከዚያ ተነስቶ ወደ ተራው ክዳን እንዲራመድ፣ የክዳኑንም አቀማመጥ ነክቶ እንዲያውቅ፣ ያን ጊዜ ብቻ እንዲለካ አደረግኩ።

ከምሳ በኋላ ጠባቧ ክፍል በሰው ሞላች። ኢክራም በሩ አጠገብ ቆማ ሻርፗን በጣቷ ትጠመጥማለች። ቁልፉን ተጫንኩ። አዲሷ መርፌ ሳትሳሳት ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሄደች። ከዚያ ከወደቁት አንዱን ክዳን አንስቼ በየመቀመጫው እያዛወርኩ ለካሁት። በሁሉም ቦታ የሰጠው ውጤት ያው ነበር፤ ደህና።

አንዱ የፈረቃ ኃላፊ «ወደቀ ያልሽው እሱ ራሱ ነው?» ብሎ ክዳኑን ከእጄ ወሰደና ቀይ ምልክቱን አየ። «ራሱ ነው» ብሎ መልሶ ሰጠኝ።

አቶ ተሾመም «ክምሩ ሁሉ እንደገና ይለካ» ብለው ወጡ።

ለካነው። አብዛኛው ደህና ነበር። ጥቂቶቹ ግን በአዲሱ ፕሮግራምም ወደቁ። ይህን ለኢክራም መንገር ከሁሉ ከብዶኝ ነበር። እሷ ግን «እስቲ አሳዪኝ» አለችና አንዱን አገላብጣ አየችው።

«አቦ፣ ይሄስ የራሴ ነው። እንቅልፍ ይዞኝ የሠራሁት ነው፣ ገና ሳየው አወቅኩት» ብላ ከልቧ ሳቀች። እኔም ሳቅሁ። ከስንት ቀን በኋላ።

ኢክራም ማሽኗ ላይ ቀረች። እኔ በአዲሱ ፕሮግራም ልኬቱ ጊዜ ይወስዳል እያሉ የሚያማርሩትን ስሰማ ከረምኩ። ዓመታት አለፉና እሷ ባል አግብታ ጅቡቲ ገባች። እዚያ ምን እንደምትሠራ በደንብ አላውቅም። ለዒድ ትደውላለች፤ ስለ ልጆችና ስለ ሙቀት እናወራለን። ስለ ክዳኖቹ አንስተን አናውቅም።

ከዚያ ወዲህ በሥራም በመንደርም ስለ ብዙ ሰው ቃሌን እንድሰጥ ተጠይቄአለሁ። ንጹሕ መሆኑን በልቤ የማውቀው ሰው ሲወቀስ ቆሜ የሰማሁበት ጊዜም አለ። የምናገረው ነበረኝ፤ የማሳየው ግን አልነበረኝም። አንድን ነገር ካለበት አንስቼ ሌላ ቦታ አስቀምጬ «ይኸው፣ እዩት» ማለት የቻልኩት በዚያች ቀዝቃዛ ክፍል ውስጥ ብቻ ነው።