ያነበብኩላት ወረቀት

ይህን ነገር በምድር ላይ የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ። ለንስሐ አባቴ እንኳ አልነገርኳቸውም። በየዓመቱ ዐቢይ ጾም ሲገባ ፊታቸው ተንበርክኬ ሐሜቴን፣ ቁጣዬን፣ ቅዳሴ ማስታጎሌን እዘረዝራለሁ። እሳቸውም ስግደት ይሰጡኛል፣ እሰግዳለሁ፣ ወደ ቤቴም እመለሳለሁ። ዋናውን ግን ሸሽጌ ነው የምመለሰው። አሁን አርጅቻለሁ፤ ብዕር ያነሣሁትም ለዚህ ነው። አንተን አላውቅህም፣ ፊትህንም አላይም፤ ስለዚህ ላንተ ልናገር። እንድታዝንልኝ ብዬ ግን አይደለም።

በጃንሆይ ዘመን መጨረሻ ላይ ቢቸና ከተማ በአንድ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ነበርኩ። ማመልከቻ እቀበላለሁ፣ ደብዳቤ እገለብጣለሁ፣ መዝገብ እይዛለሁ። ከሁሉ ይልቅ የምታወቀው ግን በድሃ ወረቀት ነበር። ያን ጊዜ ሰው ሲታመም ያለው ይከፍላል። የሌለው ደግሞ ሦስት ጎረቤቶቹ አጥቢያ ዳኛው ፊት ቀርበው ድሃ መሆኑን በመሐላ ይመሰክሩለትና፣ በመንግሥት ሆስፒታል በነፃ እንዲታከም ወረቀት ይጻፍለታል። ዛሬ ሰዉ በየዓመቱ እያዋጣ እንደሚገባበት የጤና መድን ያለ ነገር ማን አስቦት! ወረቀቱን የምጽፈው እኔ ነኝ። ጽፌ ስጨርስም ተቃዋሚ ካለ እንዲሰማ በረንዳው ላይ ቆሜ ጮክ ብዬ አነበዋለሁ፦ «እገሌ የእገሌ ልጅ፣ መሬት የሌለው፣ ከብት የሌለው፣ የሚረዳው ዘመድ የሌለው ድሃ ስለመሆኑ...»

ድምፄ ያምር ነበር። አባቴ መሪጌታ ስለነበሩ ዜማ የለመድኩት በልጅነቴ ነው፤ ያንንም ወረቀት ልክ እንደ ቤተ ክርስቲያን ምንባብ ነበር የማነበው። ስሙ የተጠራው ሰው ጋቢውን እስከ ዓይኑ ስቦ ይቆማል። ግቢውን የሞላው ባለጉዳይ ይሳሳቃል። አንዳንዴ «የሚረዳው ዘመድ የሌለው» የምትለዋ ላይ ስደርስ ሆን ብዬ ድምፄን እጎትትና ሰዉን አስቅ ነበር። ይህንንም አልክድም።

ሚስቴ ጥሩወርቅ የሞጣ ልጅ ነበረች። እናቷ እማማ ስንዱ ባላቸው ከሞተ በኋላ ጠላ እየሸጡ አንዲት ልጃቸውን ያሳደጉ ሴት ናቸው። ሽማግሌዎቼ ሊጠይቁልኝ ሲሄዱ «ልጁ የመንግሥት ሠራተኛ ነው፤ ልጅዎ የሰው እጅ አታይም» ብለው ነው እሺ ያሰኟቸው። ሞጣ በሄድኩ ቁጥር እማማ ስንዱ ጎረቤት ይጠሩና ኮቴንና ክራቫቴን ያሳዩ ነበር። ደስ ይለኝ ነበር፤ ለምን እዋሻለሁ? ደሞዜ ለሁለት ሰው እንኳ በቅጡ እንደማይበቃ የምናውቀው እኔና ጥሩወርቅ ብቻ ነበርን።

አረገዘች። ስምንተኛው ወር ሲገባ እግሯ አበጠ፣ ሆዷም ወደ ጎን ሰፋ። ጤና ጣቢያ ወሰድኳት። ነርሷ ትምህርቷን ጨርሳ ገና የመጣች ወጣት ናት። ሳትቸኩል በደንብ መረመረቻትና፣ ጥሩወርቅ ልብሷን እስክትለብስ እኔን ለብቻዬ ወደ በረንዳው ጠራችኝ።

«ጸሐፊ፣ ልጁ አግድም ነው የተኛው፤ ዳሌዋም ጠባብ ነው» አለችኝ። «እዚህ አይቻልም፣ ቤትማ ጨርሶ አይሞከርም። ምጥ ሳይጀምራት ደብረ ማርቆስ ሆስፒታል ትግባ። ኦፕራሲዮን ሳያስፈልጋት አይቀርም።»

ወረቀት ጽፋ ሰጠችኝ። ፊቴ መለዋወጡን አይታ ነው መሰለኝ «ክፍያው ከከበደዎት የነፃው ወረቀት አለ። የሚጽፉትስ እርስዎ አይደሉ?» ብላ ፈገግ አለች። ልጅቷ ክፋት የላትም፤ ልታቀልልኝ ብላ ነው። እኔ ግን ያቺን ፈገግታ እንደ ስድብ ቆጠርኳት።

እውነቱን ልንገርህ፤ መንገዱ ክፍት ነበር። ከቢቸና ደብረ ማርቆስ መኪና ይገኛል። ጎረቤቶቼም ደግ ሰዎች ነበሩ፤ ብጠይቃቸው በማግስቱ ሄደው ይምሉልኝ ነበር። የቀረው የኔ «ድሃ ነኝ» ማለት ብቻ ነበር። አለቃዬ ማኅተሙን ሲያደርግ ስሜን ያያል። ያንን ወረቀት በረንዳው ላይ የሚያነበው ማን ነው? እኔ ራሴ? ወይስ ሌላ ሰው እያነበበ እኔ በኮትና በክራቫት እዚያ መሐል ልቆም ነው? ያሳቅኩት ሰው ሁሉ ሊስቅብኝ አይደለም ወይ? ወሬውስ ሞጣ ለመድረስ ስንት ቀን ይፈጅበታል? ይህን ሁሉ ሳስብ ዋልኩ። የጥሩወርቅን ዳሌና በሆዷ አግድም የተኛውን ልጅ ግን አላሰብኩም። ለአንዲት ሰዓት እንኳ አላሰብኩም።

በዚያው ሳምንት እማማ ስንዱ በጭነት መኪና በመጣ ሰው መልእክት ላኩብኝ። በአገራችን ሴት የመጀመሪያ ልጇን የምትወልደው በእናቷ ቤት ነው። «ቅቤውም የገንፎ እህሉም ተሰናድቷል፣ ልጄን አምጣልኝ» ነው መልእክቱ። ሞጣ ውስጥ ደግሞ ከጦር ሠራዊት በጡረታ የወጣ አንድ ድሬሰር፣ ማለት የሐኪም ረዳት፣ የግል ክሊኒክ ከፍቶ ነበር። ነጭ መጋረጃ፣ የብረት አልጋ፣ ነጭ ካፖርት አለው፤ የከተማው ነጋዴ ሚስቶች የሚወልዱት እዚያ ነው። የሆስፒታል ኦፕራሲዮን ከአቅሜ በላይ ቢሆንም የእሱ ዋጋ እንደምንም ይደፈር ነበር። ከመንግሥት ደጅ በነፃ ከምለምን ከግሉ በክብር ባስወልዳትስ? እናቷ ደስ ይላቸዋል፣ ሞጣም የመንግሥት ሠራተኛ ሚስቱን በግል አስወለደ ይላል። እንዲህ ብዬ ወሰንኩ። ስወስን ደግሞ ቀለለኝ።

አንድ ከሰዓት በኋላ ጥሩወርቅ በራፍ ላይ ተቀምጣ ከአሮጌ ሸሚዜ ለሚወለደው ልጅ መጠቅለያ ትሰፋ ነበር። ፊደል አልቆጠረችም። «ነርሷ የጻፈችው ምን ይላል? እስቲ አንብብልኝ» አለችኝ።

ወረቀቱን ከኪሴ አውጥቼ ዘረጋሁት። ያንን የለመድኩትን ድምፅ አወጣሁና አነበብኩላት፦ «ወይዘሮ ጥሩወርቅ ተመርምረው ጤንነታቸው የተሟላ ሆኖ ስለተገኘ፣ በፈለጉት ስፍራ ለመውለድ የሚችሉ መሆናቸውን እናረጋግጣለን።»

አየህ? አንዲቱም ቃል እዚያ ላይ የለችም። ከአፌ እየፈጠርኩ ነው ያነበብኩላት። ዓይኔን እንኳ ከመስመር ወደ መስመር እያወረድኩ ነበር።

«ታዲያ ለብቻህ ለምን ጠራችህ?»

«ስለ ክፍያ ልትነግረኝ ነው» አልኳት።

«ውይ፣ እኔ ደግሞ ፊቷን አይቼ ፈርቼ ነበር» አለችና ሳቀች። ትንሽ ሰፋችና ቀና ብላ «እስቲ አንድ ጊዜ ድገምልኝ» አለችኝ። ደገምኩላት። ቃሉ አልጠፋብኝም። አንዲት ፊደል ሳልስት ሁለተኛ አነበብኩላት።

እስከ ዛሬ የሚጠብሰኝ ይኸኛው ሁለተኛው ነው። የመጀመሪያውን ደንግጬ ነው፣ ሳላስብ ከአፌ አመለጠኝ ልል እችል ይሆናል። ሁለተኛውንስ ምን ልበለው?

ሰኔ መጨረሻ ላይ ሞጣ አደረስኳት። ክረምቱ ሲጠና መኪና በዚያ መንገድ እንደማይመለስ አውቃለሁ፤ ማንም ያውቃል። ምጥ ሲጀምራት ወደ ክሊኒኩ ወሰድናት። ድሬሰሩ ሆዷን ደጋግሞ ዳሰሰ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ «ከጤና ጣቢያ የተጻፈላት ወረቀት አለ ወይ?» ሲል ጠየቀኝ። ወረቀቱ በኮቴ የውስጥ ኪስ ነበር። እማማ ስንዱ አጠገቤ ቆመዋል።

«የለም» አልኩ።

ያን ጊዜ እንኳ ባወጣው ሰውዬው በዚያው ሰዓት ይዛችሁ ሂዱ ይለን ነበር። ሁለት ቀን ሙሉ አማጠች። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ድሬሰሩ ካፖርቱን አውልቆ ወጣ፤ ዓይኑ ቀልቷል። «ይህ ከኔ በላይ ነው። ሆስፒታል አድርሷት» አለ። በምን? መንገዱ ጭቃ ውጦታል፣ መኪና ከቆመ ሰንብቷል። የሰፈሩ ወንዶች ቃሬዛ አበጁና በትከሻችን ይዘናት ወጣን። እማማ ስንዱ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ ታጥቀው፣ ጭቃው ውስጥ እየወደቁ እየተነሡ ከቃሬዛው ጎን ይሮጣሉ። ጥሩወርቅ እጃቸውን ይዛለች።

«እናቴ፣ አትፍሪ» ትላቸው ነበር። «ነርሷ ደህና ናት ብላ ጽፋልኛለች። እሱን ጠይቂው፣ አንብቦልኛል።»

እማማ ስንዱ ቀና ብለው አዩኝ። እኔ ራሴን ነቀነቅኩ። አዎን አልኳቸው።

እኩለ ቀን ሳይሞላ ሞተች። ልጁም በሆዷ ውስጥ እንዳለ ሞተ። ቃሬዛውን መሬት ላይ ስናወርደው ዝናቡ ፊቷ ላይ ይወርድ ነበር፤ እናቷ በመዳፋቸው ሊከልሉላት ይሞክራሉ። ልጁ ወንድ ይሁን ሴት ሳላውቅ ቀረሁ።

በለቅሶው ላይ የሆነውን ነው መናገር የሚከብደኝ። እማማ ስንዱ ደረታቸውን እየደቁ «ገንፎ ላብላሽ ብዬ አምጥቼ ገደልኩሽ! ባልሽ ቤት ብተውሽ ምናለ! እኔ ነኝ የገደልኩሽ!» እያሉ አለቀሱ። ሞጣ ሁሉ ሰማ። አንዳንዶቹም ቀስ ብለው «እውነትም ባትጠራት ኖሮ» ሲባባሉ ሰምቻለሁ። እኔን ግን ግራና ቀኝ ደግፈው አጽናኑኝ። ሚስቱንና ልጁን ባንድ ቀን ያጣ፣ ወይ መከራው፣ አሉ። እኔም አንገቴን ደፍቼ መጽናናቱን ተቀበልኩ። ከሠልስቱ በኋላ ወረቀቱን ቀዳድጄ ሽንት ቤት ጣልኩት።

አሁን ዋናው ይኸ ነው ብለህ ይሆናል። አይደለም።

ዓመት ከመንፈቅ አልፎ፣ አንድ እሑድ ከቅዳሴ ስመለስ እማማ ስንዱን ቢቸና ቤቴ በራፍ ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። ከሞጣ በእግራቸው ነው የመጡት። አጥንታቸው ወጥቷል። እግርዎን ልጠብ፣ እህል ልስጥዎት ብላቸው እንቢ አሉ። «መጀመሪያ የመጣሁበትን ልፈጽም» አሉና ተነሡ። ሳላስበው መሬት ላይ ወደቁና ሁለት እግሬን ያዙ።

«ልጄ፣ ቆብ ልጭን ነው» አሉኝ። «ሰው አሳዝኜ፣ ሳልታረቅ ቆብ አልጭንም። ሚስትህን የነጠቅኩህ እኔ ነኝ። ልጅህንም የነጠቅኩህ እኔ ነኝ። አንተ ክፉ ቃል አልተናገርከኝም፣ ዝም ብለህ ቻልከኝ። ይቅር በለኝ።»

ያን ጊዜ ነበር መናገር የነበረብኝ። ቤት ውስጥ ማንም የለም። ባለጉዳይ የለም፣ አለቃ የለም፣ የሚስቅ የለም። አንዲት ልጇን የቀበረች እናት እግሬ ላይ ወድቃለች፤ በእጄ ያለው አንድ ቃል ብቻ ነው። «እርስዎ አይደሉም፣ እኔ ነኝ» ማለት ስንት ትንፋሽ ይፈልጋል? አፌን ከፈትኩ፤ እምላለሁ ከፍቼው ነበር። ግን ምን አሰብኩ መሰለህ? ይህች ሴት ለዝምታዬ ያላትን ክብር አሰብኩ። ያንን ማጣት ፈራሁ።

«ይቅር ለእግዜር። ይነሡ፣ እማማ» አልኳቸው።

እጄን ይዘው ሳሙኝ። ደጋግመው ሳሙኝ። «እግዚአብሔር ያክብርህ፤ ከላዬ ድንጋይ አነሣህልኝ» አሉ። ያቀረብኩላቸውን ቀመሱና መርቀውኝ መንገዳቸውን ጀመሩ። መነኮሱ፤ እማሆይ ተባሉ። በኋላ ከገዳሙ የመጡ ሰዎች እንደነገሩኝ፣ ይቅርታውን ተቀብለውም ራሳቸውን አልማሩም፤ ሌላው የሚበላውን ሳይበሉ፣ ሌላው በሚተኛበት ሳይተኙ፣ ልጄን ገድያለሁ እያሉ በጾምና በስግደት አለቁ። የኔን ስግደት ነበር የሰገዱት።

ለንስሐ አባቴ ያልነገርኳቸው ለምን እንደሆነ አሁን ይገባህ ይሆናል። ብነግራቸው ንስሐ ይሰጡኝና «እግዚአብሔር ይፍታህ» ይሉኛል። እኔ ተፈትቼ ልሂድ፣ እማማ ስንዱ ግን እንደታሰሩ በመቃብር ይቅሩ? ኩራት ነው ያጠፋኝ፣ ድህነት ነው፣ ዘመኑ ነው ብልህ ታምነኝ ይሆናል። ብዙ ድሃ ግን በዚያው ዘመን በረንዳዬ ሥር ስሙን አስጠርቶ፣ ተስቆበት፣ ሚስቱን አሳክሞ ወደ ቤቱ መልሷል። ያንን ማድረግ ያልቻልኩት እኔ ነኝ። የዋሸሁት እኔ ነኝ። የደገምኩላትም እኔ ነኝ።

ይቅር በለኝ አልልህም። ልትለኝ የምትችለው እናት እግሬ ሥር ነበረች፤ እኔ ይቅር ብዬ ሰደድኳት።