ሳይቤሪያን የለቀለቅሁ ዕለት

ባሌን አምደሚካኤልን ደብረ ወርቅ ውስጥ የማያውቀው የለም። የጂኦግራፊ መምህር ነው። ዲማ ተወልዶ፣ ከቄስ አባቱ ዘንድ ዳዊት ደግሞ፣ ቅኔ ቤት ይገባል ሲሉት ዘመናዊ ትምህርት ቤት ገብቶ የቀረ ሰው ነው። አይጠጣም፣ አይሳደብም፣ ከሥራ በቀጥታ ወደ ቤቱ ነው። ጎረቤቶቼ "አንቺ ደግሞ ምን ጎደለሽ?" ይሉኛል። ምን እንደጎደለኝ ልንገራችሁ።

ይህ ሰው የእኛን ሰማይ ቀና ብሎ አያይም። "የእኛን ዝናብ ማን ያጣዋል? በሰኔ ይገባል፣ በመስከረም ይወጣል" ይላል። የእሱ ልብ ያለው ወዲያ ማዶ ነው፤ ሳይቤሪያ፣ ጣሊያን፣ ካናዳ። የሳሎናችን ግድግዳ ላይ ዓለምን በጠመኔ ስሎታል። የፈረንጆቹ ወር ባለቀ ቁጥር የቀዘቀዘውን አገር ሰማያዊ፣ የሞቀውን ቀይ፣ ዝናብ ያገኘውን አረንጓዴ ይቀባል፤ ንፋሱን በቀስት ያሳያል። ወሩ ሲያልፍ በእርጥብ ጨርቅ ጠርጎ እንደገና ይጀምራል።

መረጃውን የምትልክለት ወንጌላዊት ናት። ዩኒቨርሲቲ አብረው የተማሩ ናቸው፤ አሁን ደብረ ማርቆስ ተቀምጣ የአየር ጠባይ ታጠናለች። በየወሩ ካርታውን በቴሌግራም ትልካለች፣ ወዲያው ይደዋወላሉ። እኔ ሽሮ እያማሰልሁ እሰማለሁ። "የምዕራቡ ንፋስ ዘንድሮ ወደ ደቡብ ወረደ አይደል?" ይላታል። እሷ የምትለው አይሰማኝም፤ እሱ ግን ከልቡ ይስቃል። ከእኔ ጋር ሲሆን ወሬው "በርበሬ አለ?" እና "ላሟ ገባች?" ነው።

ስንት ጊዜ ጆሮዬን አቁሜ አንዲት የፍቅር ቃል ፈለግሁ መሰላችሁ። ባገኝ ይቀለኝ ነበር። ሽማግሌ ጠርቼ፣ ተጣልቼ እገላገል ነበር። አሁን ሽማግሌ ፊት ቆሜ ምን ልበል? ስለ ንፋስ ሳቁ ልበል?

ጳጉሜን ገባች። በአገራችን አዲሱን ዓመት ሳይለቀለቅ የሚቀበል ቤት የለም፤ ነጭ አፈር በጥብጬ ከበሩ ጀመርሁ። "የካርታውን ግድግዳ ተይው" ብሎኛል፤ ሰምቻለሁ። ግን ለዓውዳመት ቤቷን የለቀለቀችን ሴት ማን ይወቅሳታል? መጀመሪያ ሳይቤሪያን ለቀለቅሁ። ቀጥዬ ጣሊያንን፣ ከዚያ ካናዳን። እጄ ሲሄድበት እንዴት ደስ እንዳለኝ አትጠይቁኝ።

ማታ ገብቶ ግድግዳውን አየው። ይቆጣል ብዬ ጠበቅሁ፤ ቢቆጣ ቁጣው እንኳ የኔ ይሆን ነበር። እሱ ግን ሳቀና ስልኩን አወጣ። "ወንጌላዊት፣ ሰሜኑን በሙሉ በረዶ አለበሱብን" አላት።

በማግስቱ ግድግዳው ሲደርቅ እንደገና ሊስል ተነሣ። ካርታው ስልኩ ውስጥ ስለሆነ "ያዥልኝ" ብሎ ሰጠኝ። ፊቱ ደቅኜ ቆምሁ። የኦገስት ካርታ ነበር። ጣሊያንን ቀይ እየቀባ ለራሱ ያወራል፦ በሙቀቱ ወራት አየሩ ከላይ ይወርድባቸዋል፣ ሲወርድ ይሞቃል፣ ይደርቃል፣ ደመና አይሠራም፤ ዝናብ የሚያገኙት ብርዱ ሲመጣ የምዕራቡ ንፋስ ሲደርስላቸው ነው።

"አምዴ" አልሁት፣ "የወረደ አየር መጀመሪያ የወጣ መሆን አለበት። ከማን ሰማይ ወጥቶ ነው እነሱ ላይ የሚወርድ? የእኛ ክረምት ሲዘንብ የወጣው ይሆን?"

ጠመኔው አየር ላይ ቀረ። ዞሮ አየኝ። "እስቲ ድገሚው" አለኝ። ደገምሁለት። መጥቶ መደቡ ላይ አጠገቤ ተቀመጠ። በህንድ ዝናብ ጊዜ የሚወጣው አየር እነሱ ዘንድ መውረዱን ያግዛል የሚሉ አጥኚዎች እንዳሉ ነገረኝ። "የእኛውስ?" አልሁት። "አላውቅም፣ እስከዳር፤ እንዲህ ብዬ አስቤው አላውቅም" አለ። እንዲህ አድርጎ ያየኝ ሳንጋባ ነበር። ምድጃ ላይ የጣድሁት ሽሮ አረረ፤ ይረር ብዬ አልተነሣሁም።

ይህን ጊዜ ስልኩ እጄ ላይ ጮኸ። ወንጌላዊት ናት። ተቀበለኝና ድምፁን ከፍ አደረገው፤ ጠመኔውን በሌላው እጁ እንደያዘ ነው።

"ዛሬ አንድ ጥያቄ መጣልኝ" አላት። ከዚያ ያልሁትን አንድም ሳያጓድል ነገራት።

"እንዴት ያለ ጥያቄ ነው" አለች። "ከየት አመጣኸው?"

አሁን "ከሚስቴ" ይላል ብዬ ጠበቅሁ። እሱ ፊቱ እንደ ልጅ በርቶ "እንዲሁ ካርታውን ስስል" አላት።

ቅናት ነው በሉኝ፤ አዎ ቅናት ነው። ጎንበስ ብዬ ስልኩ ላይ አፌን አደረግሁ።

"ወንጌላዊት፣ እንደምን አለሽ። ጥያቄው የኔ ነው። እስከዳር ነኝ።"

ክፋት በሌለው፣ በጨዋ ድምፅ "ይቅርታ እህቴ" አለችኝ፣ "እስከዳር የትኛዋ?"

አምደሚካኤልን አየሁት። በየወሩ ሳይቤሪያ ስንት እንደቀዘቀዘች ሲያወራት ኖሯል፤ የሚስቱን ስም ግን አንድ ቀን አልነገራትም።