የመልከጼዴቅ ጣሳ

ሱሉልታ ውስጥ ፒካፕ ያለው ሰው ሁሉ ጋሽ መልኬን ያውቀዋል። መልከጼዴቅ ብሎ ሙሉ ስሙን የሚጠራው የለም፤ ስሙ ረዥም ነው፣ የሱሉልታ ብርድ ደግሞ አፍ ያሳጥራል። ሠላሳ ዓመት ሙሉ የናፍጣ ሞተር ሲያወርድና ሲሰቅል ኖሮ፣ ዛሬም አንዱ ተንደቅድቆ ሲነሳ የያዘውን ትቶ ቆሞ ያዳምጣል። እስካሁን አልለመዱትም ወይ ቢሉት፣ "ይህ ይለመዳል እንዴ?" ብሎ ይቆጣል።

መደነቅ የጀመረው በሃያ ሁለት ዓመቱ ነው። ከደብረ ታቦር መጥቶ ኦቦ ገመቹ ጋራዥ የተቀጠረ ሰሞን፣ የፒካፑን ሞተር ዙሪያውን ቢፈልግ ቢፈልግ እንደ ቤንዚን መኪና እሳት የምትረጭ ካንዴላ አጣ። የት እንዳለች ጠየቀ። ኦቦ ገመቹ መልስ ሳይሰጡ የብስክሌት መንፊያ አመጡና ቀዳዳውን በአውራ ጣቱ ደፍኖ እንዲገፋ አዘዙት። ገፋ፣ ገፋ፣ ላቡ ጠብ እስኪል ገፋ። ድንገት መንፊያው እጁን ሲፈጀው ወረወረው።

"ኢላ ሙጫ ኮ!" አሉ እየሳቁ፤ እየው ልጄ ማለታቸው ነው። "አየር ሲጨነቅ ይግላል። ናፍጣ ደግሞ የጋለ አየር ካገኘ ክብሪት አይለምንም።"

መልከጼዴቅ ወደ ሞተሩ ዞሮ ኮፍያውን አወለቀ። ለምን እንዳወለቀ እስከ ዛሬ ድረስ አያውቅም።

ከሁለት ዓመት በኋላ ግን የኦቦ ገመቹን የራሳቸውን ፒካፕ ጭኖ እንጦጦን ሲወጣ ሞተሩ ፈላና እዚያው ዳገቱ ላይ ተሰነጠቀ። ሲፈቱት ጥፋተኛዋ ተገኘች፤ ቴርሞስታት። በሞተሩና በራዲያተሩ መካከል የምትቀመጥ፣ በእፍኝ የምትደበቅ ትንሽ በር ናት። ሞተሩ እስኪሞቅ ውሃውን ታግዳለች፤ ሲሞቅ ከፍታ ወደ ራዲያተሩ ትለቀዋለች። ይቺ ግን እንደተዘጋች ነክሳ ቀርታለች። ኦቦ ገመቹ አንዲት ክፉ ቃል አልተናገሩትም። ምሳቸውን ሳይበሉ መዋላቸው ግን ከስድብ ይልቅ ወጋው።

"ሁለተኛ!" አለ በልቡ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እጁ የገባ ፒካፕ ሁሉ ቴርሞስታቱ ተነቅሎ ያቺን የነከሰችውን ወዳስቀመጠበት አንድ የዱቄት ወተት ጣሳ ይገባል። ውሃው ያለ ከልካይ ይዙር! ሾፌሮቹም የሙቀት መርፌዋ ታች ተኝታ እንጦጦን ሲወጡ መረቁት። ከእሱ ሙያ የቀሰመው ፈሀድ ሰበታ ሄዶ ጋራዥ ሲከፍት ከመፍቻ በፊት የገዛው ጣሳ ነው እየተባለ ይቀለድበታል። ቡራዩ ያሉትም ቢሆኑ ወሬውን ሰምተው ነቀሉ። ሰው እንዴት ለሠላሳ ዓመት አንድ ነገር ያለ ጥያቄ ያደርጋል አትበሉ፤ ከመጀመሪያው ጥፋቱ የሚሸሽ ሰው ዞሮ አያይም።

ጥሩዬ ወተት ነጋዴ ናት። በማለዳ ከጫንጮና ከሱሉልታ ገበሬዎች ትሰበስባለች፤ እንጦጦን ተሻግራ አዲስ አበባ ታደርሳለች፤ ስትመለስ ለላሞቹ ፋጉሎ ጭና ትወጣለች። ወተት ቀጠሮ አያውቅም። ፒካፗ አንድ ሳምንት ጋራዥ ከቆመች ገበሬው ወተቱን ለሌላ ይሰጣል፣ የሰጠውን ደግሞ አይመልስም።

ባለፈው ጥቅምት ጋራዡ መጣች። እንደ ወትሮዋ ጉልበቷ ላይ ደርባው የምትነዳውን ጋቢ ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋለች።

"አካም ቡልተኒ፣ እንዴት አደሩ፣ ጋሽ መልኬ? ሞተሩን ያው ደግሞ አመመው። ይጨሳል፣ ናፍጣ ይጠጣል፣ ዳገት ላይ ይለግማል።"

የዘይት መለኪያውን መዘዘ። ዘይቱ ከምልክቱ አልፎ ወጥቷል፤ ቀጥኖ ናፍጣ ናፍጣ ይሸታል።

"ይወርዳል" አለ። ሞተሩ ሙሉ በሙሉ ይፈታል ማለቱ ነው።

ጥሩዬ አሮጌ ጎማ ላይ ተቀመጠች። "በስድስት ዓመት ሦስተኛው ነው እኮ! ዘይቱን በሰዓቱ እቀይራለሁ። ሰልፉ ቀኔን ቢበላውም ከማደያ በቀር ናፍጣ አልቀዳም። ማጣሪያውን ረስቼ አላውቅም። ምን በድዬው ነው?"

መልከጼዴቅ መፍቻውን አነሳ። እሷም ይፈለጋል ብላ ከገዛችው የመለዋወጫ ካርቶን ውስጥ አንዲት አዲስ ቴርሞስታት አወጣች።

"ይቺንስ ሁልጊዜ የሚጥሏት ለምንድን ነው? የሠራት ሰው ሞኝ ነው?"

"ነይ፣ ላሳይሽ" አለ፣ ትንሽ ተናዶ። ብሎን የሚያጥብበት ድስት ከሰል ላይ ተጥዷል፤ ውሃው ገና ለብ ማለቱ ነው። እንዴት እንደምትለግም ዓይኗ እንዲያይ ቴርሞስታቷን ጨመራት። እውነቱን ለመናገር፣ እሱም ስትሠራ አይቷት አያውቅም።

ውሃው መጋል ጀመረ። እንፋሎቱ ወጣ። ከዚያ በሯ፣ ማንም ሳይነካት፣ ሽቦ ሳይኖራት፣ ፀጉር በምታህል ስንጥቅ ተነሳች። ቀስ እያለች የጥፍር ስፋት ያህል ተከፈተች። በመቆንጠጫ አውጥቶ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ከተታት፤ ተዘጋች። ወደ ድስቱ መለሳት፤ ተከፈተች። ሆዷ ውስጥ ያለው ሰም ሲሞቅ አብጦ እንደሚገፋት ኦቦ ገመቹ ድሮ ነግረውት ነበር። መስማትና ማየት ግን ለየቅል ናቸው። መልከጼዴቅ ኮፍያውን አወለቀ።

ከዚያም ፊቱ ተለወጠ። ጣሳውን ከመደርደሪያው አወረደ። ቆራሌው ከወሰዳቸው የተረፉት አርባ ሦስት ነበሩ። ዝገታቸውን እየጠረገ አንድ በአንድ ድስቱ ውስጥ ጨመራቸው። የመጀመሪያዋ ከፈተች። አሥረኛዋ ከፈተች። ሃያኛዋ ከፈተች። አርባ ሁለቱ ከፈቱ፤ አንዷ ብቻ፣ እንጦጦ ላይ ያዋረደችው የኦቦ ገመቹ፣ እንደነከሰች ቀረች።

በአንዷ ጥፋት ስንቱ ላይ ፈረደ!

የጥሩዬን ጋቢ አየው፤ ሁሉም ነገር ያን ጊዜ ገባው። በዚያ ብርድ ውሃው ያለ ከልካይ ሲዞር ሞተሩ አንድም ቀን በወጉ ሞቆ አያውቅም። ያልሞቀ ሞተር ናፍጣውን አንድዶ አይጨርስም፤ የተረፈው ዘይቱ ውስጥ ይንጠባጠባል፤ ቀጭን ዘይት ደግሞ ብረትን ከብረት አያስታርቅም። የመኪናው ማሞቂያ ለእግሯ ሙቀት ቢያጣ ምን ይገርማል? ዝም ብሎ ሞተሩን ቢያወርደው ማንም አያውቅበትም ነበር። እሱ ግን ተናገረ።

"ጥሩዬ፣ ሞተርሽን የበላሁት እኔ ነኝ።"

ነገሩን አንድ ሳያስቀር ነገራት። እሷ ከድስቱ ወደ ሞተሩ ዞረች።

"አሁንስ ይድናል?"

"እንጃ። ዘይቱን ልለውጥና ይቺን ልመልሳት። ነገ ፋጉሎውን ጭነሽ ስትመለሺ አብሬሽ እንጦጦን ልውጣ። ከፈላ እኔም እዚያው ልቅር።"

በማግስቱ ፋጉሎውን ጭነው ከአዲስ አበባ ዳገቱን ሲጀምሩ መርፌዋ ለስድስት ዓመት ከተኛችበት ተነሳች። ሩቡን አለፈች። መልከጼዴቅ የበሩን እጀታ ያዘ። እንደገና ከፍ አለች። ያ ሽታ፣ ያ የፈላ ውሃ ድምፅ፣ ምሳቸውን ያልበሉ ሽማግሌ ፊት፣ ሁሉም ባንድ ጊዜ መጣበት።

"አቁሚ! ጥሩዬ፣ አቁሚ!"

ጥሩዬ አላቆመችም። "ይቆዩ ጋሽ መልኬ፤ እሷም ሥራዋን ትሥራ።"

መርፌዋ ግማሽ ላይ ደረሰች። እዚያም ቆመች። መንገዱ እየቀና ሳይሆን እየከፋ ሄደ፤ መርፌዋ ግን ከግማሽ አልነቃነቅ አለች። በመስታወቱ ወደኋላ ሲያይ የተከተላቸው ጭስ ከትናንቱ ግማሽ አይሞላም። ሆዷ ውስጥ አንዲት ቁራጭ ሰም የያዘች በር፣ ያን ሁሉ እሳት፣ ያን ሁሉ ጭነት፣ በልክ ይዛ ተራራ ታወጣለች! አፉን ከፍቶ ቀረ፤ እንባውንም አልደበቀም።

ጫፍ ላይ ሲደርሱ ጥሩዬ ማሞቂያውን ከፈተችው። ከፊታቸው ሞቅ ያለ አየር ወጣ። ጋቢውን ከጉልበቷ ላይ አነሳችና እሱ ጭን ላይ ጣለችው።

"ስድስት ዓመት ሙሉ ብርድ ያስመቱኝ እርስዎ ነዎት ማለት ነው?"

"እኔ ነኝ።"

ሳቀች፣ ከዚያ ሳቋን አቆመች። "እኔስ ይሁን። ሌሎቹስ?"

ስልኩን አወጣና ሰበታ ደወለ። "ፈሀድ፣ ያስተማርኩህን አንድ ነገር መልስልኝ" አለ።

የጥሩዬ ሞተር እስከ ዛሬ አልወረደም። ከቡራዩም ከሰበታም ፒካፖች እየመጡ፣ ልካቸው የገጠመውን ከጣሳው፣ ያልገጠመውን ከገበያ እያስገጠሙ ሄዱ። መልከጼዴቅ ለእያንዳንዱ ሾፌር ድስቱን ጥዶ ያሳያል፤ ጥፋቱንም አብሮ ይናገራል። አሁን ጣሳው ውስጥ የቀረችው አንድ ብቻ ናት፤ የኦቦ ገመቹ። ድስቱ በፈላ ቁጥር እሷንም ጨምሮ ይጠብቃታል። እስካሁን አልከፈተችም።